የአምፖል ባንድ ኮምፒዩተር በላስ ቬጋስ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው ቬጋስ?» ይለኛል። መመለሱ ሰለቸኝ፤ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ፏፏቴውንና መብራቱን ያማረው ሰው ስልኩ ላይ ይይ፤ እኔ ካየሁት አጥርቶ ያየዋል። እኔ የምጽፈው ስላደርኩበት ቤት፣ ስለበላሁት ምግብ፣ እና ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በገዛ እጄ ስለጻፍኳት አንዲት መስመር ነው።

መጀመሪያ ማንነታችንን ልንገራችሁ። አምፖል ባንድ ነን። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት የምንጫወት አራት ጎረምሶች ነበርን፦ እኔ አሰፋ ኪቦርድ፣ ዘውዱ ድምፅ፣ ታፈሰ ድራም፣ ነፍሱን ይማረውና ካሣ ጊታር። አንድ ቀን ዘውዱ ፀጉራቸውን ያቆሙ ፈረንጆች በቪዲዮ አይቶ መጣና የሁላችንንም ኮት ትከሻ በስፖንጅ አስሞላ። የራሱን ፀጉር በስኳር ውሃ አቆመ። መቆሙስ ቆመ፤ ንቡ ግን መድረክ ድረስ ይከተለው ነበር። አንድ ካሴት አወጣን፣ ትንሽ ተደመጥን፣ ተረሳን፣ ተበተንን።

ባለፈው ዓመት ብራያን የሚባል አሜሪካዊ ደወለልኝ። ካሴታችንን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖት የዚያ አገር ወጣት አብዷል አለኝ። «እናንተ እኮ ኒው ዌቭ ናችሁ!» ሲለኝ ክው አልኩ። ኒው ዌቭ የሚባል የፈረንጅ የሙዚቃ ስልት መጫወቴን የሰማሁት ያኔ ነው፤ እኛ የምናውቀው ሠርግ ነበር። ላስ ቬጋስ ውስጥ የተረሱ ባንዶችን የሚያስነሳበት ዝግጅት አለውና ኑልኝ አለ። «በተለይ ያ ድራም፣ ያ ርኅራኄ የሌለው ማሽን! ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ለመምጣቱ እንመጣለን፤ ስለ ማሽኑ ግን አርጅተናል፣ ይረሳል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ረቡዕ

ሐምሌ ነው፤ አዲስ አበባ ዝናቡን ታወርደዋለች። ዘውዱ ለጉዞው ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጃንጥላ ረስቶ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ቀለሙ በአንገቱ ወርዶ ነጭ ሸሚዙን የሜዳ አህያ አድርጎታል። «ይታያል?» አለኝ። «ምንም አይታይም» አልኩት። እንዲህ ነው የምንዋሸው፤ ለምዶብናል።

ሻንጣዬ ውስጥ ሹራብ፣ ጋቢና አንድ እስር የወይራ መፋቂያ አለ። መፋቂያው የታፈሰ ትእዛዝ ነው። ታፈሰ ከተለያየን ወዲህ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ ገብቶ ዛሬ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው። ልንመጣ መሆኑን ከሰው ሰምቶ ራሱ ደወለ። «ሆቴል ምን ያደርግላችኋል? እኔ ቤት ታርፋላችሁ» አለ፤ ስለ ሌላው ጉዳይ ትንፍሽ አላለም።

ሌላው ጉዳይ ምን እንደሆነ እዚሁ ልናዘዝ፤ አውሮፕላኑ ላይ አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ያኔ የዘውዱ አጎት ከውጭ የድራም ማሽን አመጣልን። ዘውዱ ማሽኑን አቅፎ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» አለና ታፈሰን ከባንዱ አባረረው። እኔና ካሣም አንገታችንን ደፍተን አጸደቅን። ካሴቱን የምንቀዳበት ቀን ደረሰ። ማሽኑ የመቶ አሥር ቮልት ነው፤ እኛ ጀግኖቹ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ ሰካነው። አንድ «ቱክ» አለ፤ ከዚያ ጭስ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ስቱዲዮው የተያዘው ለሁለት ቀን ነው። ጉለሌ ታፈሰ ቤት ሮጠን እግሩ ላይ ወደቅን። ያ የዋህ ዱላዎቹን ይዞ መጣ። ካሴቱ ግን የኤሌክትሪክ ዘመን ካሴት ስለሆነ ማሽን መምሰል ነበረበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ «አትጨምር፣ አትቀንስ፣ ሰው አትሁን» አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳይሆን መታ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ስለነበር ሽፋኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው መስመር ላይ «ድራም፦ ኮምፒዩተር» ብዬ ጻፍኩ። ታፈሰ አይቶት ዱላዎቹን ሰብስቦ ሄደ። በዓመቱ አገር ለቀቀ።

ሐሙስ

ቬጋስ ገና ሳንደርስ፣ አውሮፕላን የምንቀይርበት ከተማ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ፈታሿ መፋቂያውን አወጣችና «ምንድን ነው?» አለች። ዘውዱ እንግሊዝኛውን ለማሳየት ከእኔ ቀድሞ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ሲጠፋው አንዱን መዘዘና ጥርሱን ይፍቅ ጀመር። ሴትዮዋ ሌላ ሰው ጠራች፤ እሱም ሌላ ሰው ጠራ። በመጨረሻ መፋቂያው ቀረ፤ ዘውዱ አፉ ውስጥ የነበረውን ጭምር ተፋ። ከአርባ ዓመት በኋላ ታፈሰ የጠየቀንን አንድ ነገር እንኳ ሳናደርስለት ቀረን ማለት ነው።

ቬጋስ ደርሰን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ቆማችሁ ካወቃችሁ ያው ነው። ታፈሰ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል። ቀጭኑ ታፈሰ ሸበቶ ሆኗል፣ ቦርጭ አውጥቷል። ዘውዱን አቀፈው፤ እኔንም አቀፈኝ። «መፋቂያዬስ?» አለ። ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና «ድሮም እናንተን ያመነ!» አለ። የሳቀው በመፋቂያው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ቤቱ ስፕሪንግ ቫሊ ነው፤ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በስተ ምዕራብ ያለ ዝም ያለ ሰፈር። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል፤ የሚኖረው ከነርስ ልጁ ከሜሮን ጋር ነው። ውስጥ ስንገባ በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ይሠራል። ጋቢዬን አውጥቼ ተከናነብኩ። ቬጋስ ማለት ውጪው አፋር፣ ውስጡ ደብረ ብርሃን ነው። ታፈሰ የራሱን መኝታ ቤት ለቆልን ሶፋ ላይ ተኛ። ብንለምነው፣ ብንገዝተው አልሰማም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ እኛ ጠጠር የሰጠነው ሰው ፍራሹን አነጠፈልን፤ እንቅልፍ እንዴት ይወስደኛል!

ዓርብ

ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብዬ በእግሬ ወጣሁ። እኛ ሰፈር በር ላይ ብቅ ካሉ ሱቅ ነው። እዚህ ሃያ ደቂቃ ሄድኩ፤ አጥር፣ አጥር፣ አሁንም አጥር። አንዲት አሮጊት መኪናቸውን አቁመው «ልጄ፣ መኪናህ ተበላሽቶ ነው?» አሉኝ። «መኪና የለኝም፣ እየሄድኩ ነው» ብላቸው ክፉኛ አዘኑልኝ። በግድ ጭነው፣ ውሃ አጠጥተው፣ እስከ በሩ አደረሱኝ። ዳቦው ቀረ።

ለምሳ ታፈሰ ቡፌ ወሰደን። ዓርብ ነውና የጾም ፍለጋ ተጀመረ። እንደ ሰፈር ሜዳ በሰፋ አዳራሽ መቶ ዓይነት ምግብ ተደርድሮ እኛ ስንዞር ስንዞር የበላነው ድንችና ሐብሐብ ነው። ዘውዱ «ይኼ አትክልት ነው» ብሎ የቆረሰው ነገር ውስጥ አይብ ተገኘ። «ሳያውቁ ከሆነ አያስፈስክም» አለና ጨረሰው።

ስንመለስ ታፈሰ መኪናው ውስጥ የቆየ ካሴት አስገባ፤ የካሴት ማጫወቻ ያለውን መኪና እስከ ዛሬ ያልቀየረበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። የኛ ካሴት ነው። ታፈሰ በሁለት አውራ ጣቱ መሪውን እየመታ ነዳ። አንዲት ምት አትዛነፍም።

ከሰዓት ታፈሰ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል፣ እኔና ሜሮን ሳሎን ተቀምጠናል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሳቂታ።

«ጋሼ አሰፋ፣ አንተ ኪቦርድ ነበርክ?» አለችኝ።

«እርስዎ በይ!» አለ አባቷ ከወጥ ቤት።

«ሶሪ። እርስዎ ኪቦርድ ነበርክ?»

ነበርኩ አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባባ ግን ድራም አልነበረም፣ አይደል? እኔ ትንሽ ሆኜ ኦልዌይስ ይነግረኛል፤ 'ካሴቱ ላይ እኔ ነኝ' ይላል። ከዚያ ሰንደይ ስኩል አማርኛ ማንበብ ተማርኩ። ሰባት ዓመቴ። ቤት መጣሁ፣ ፈርስት ያነበብኩት የካሴቱን ወረቀት ነው። 'ድራም፦ ኮምፒዩተር' ይላል። 'ባባ ውሸታም!' አልኩት። ሳቅኩበት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ኔቨር።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ኢትስ ኦኬ። ሁሉም አባት ትንሽ ይዋሻል፣ አይደል?»

ዘውዱ ከመኝታ ቤት ያዳምጥ ኖሯል፤ ዘሎ ወጣና «አይ ሜሪ፣ ያ ማሽን እኮ ተአምር ነበር!» ብሎ ወሬውን አስቀየሰ። እኔም ጋቢዬን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁ። ፈሪ ጋቢ ለብሶ ይበልጥ ይፈራል።

በኋላ ጓሮ ታፈሰን ብቻውን አገኘሁት። «ለምን በደንብ አልነገርካትም?» አልኩት።

«ነገርኳት እኮ። የተጻፈ ነገር ያሸንፋል፤ የአንተ ጽሑፍ ደግሞ ያምራል» አለኝ። ክፋት የለውም አነጋገሩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ልምምድ። ታፈሰና ሜሮን ወስደውን አዳራሹ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብራያን ጢማም፣ ቀጭን፣ ደግ ሰው ነው፤ የኛን ዘፈን ቃል በቃል ይዘፍነዋል፣ አንዱም ባይገባው። በካሣ ቦታ የሚጫወት ጊታሪስት አዘጋጅቶልናል። «ሰርፕራይዝ አለኝ» ብሎ ከጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ገለጠ። ያቺ ናት! የዘውዱ አጎት ያመጣት ማሽን፣ ቁርጥ እሷን፣ ዘውዱ አቅፏት የተነሣውን የካሴት ሽፋን ፎቶ አይቶ ከአንድ ዕቃ ሰብሳቢ ፈልጎ አግኝቷታል። የባንዱን ቲሸርት አሳተምኩ ብሎ አንዱን ዘረጋ፤ ደረቱ ላይ የማሽኗ ሥዕል።

ሰካት። ባገሯ መብራት ላይ ናትና ቦግ አለች። በሕይወታችን ስትሠራ ስናያት የመጀመሪያችን ነው። «በሉ!» አለ ብራያን። ቁልፎቿን ዳሰስኩ። ቱክ ታክ ቱክ ታክ ማለቱን ትላለች፤ የኛ ዘፈን ግን ችክችካ ነው፣ በሱ ላይ አይሄድም። ዘውዱ ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። «ያኔ ይህን ምት እንዴት አድርጋችሁ ሞላችሁባት?» አለ ብራያን። ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ምስጢር ነው» አለ። ብራያን ወደ ኋላ ዞሮ ታፈሰን አየውና በትሕትና «አንተስ? ከባንዱ ነህ?» ብሎ ጠየቀው።

ታፈሰ እኔን አየኝ። እኔ የማሽኗን ሽቦ አያለሁ።

«ሾፌራቸው ነኝ» አለ።

ሜሮን ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ እውነት አርባ ዓመት አድሮ ይኸው ጭራሽ ሾፌር ሆነ።

ብራያን ሲወጣ፣ ሜሮንም ውሃ ልትገዛ ስትሄድ፣ ዘውዱ ዕቅድ አወጣ። ማሽኗ ፊት ለፊት ሆና መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ድምፅዋ ይዘጋል፤ ታፈሰ ከመጋረጃው ጀርባ ይመታል። «ለሰውየው እውነቱን ብንነግረው ጉዳችን ነው፤ የወደደው ማሽኗን ነው። በሞቴ፣ ታፌ!» አለ። ዘውዱ ላይ ኀፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። እኔስ ብሆን? አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ።

ታፈሰ «እሺ» አለ። «ግን ዘንድሮ ጉልበቴን ስለሚያመኝ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁንልኝ።»

እሑድ

ዝግጅቱ ከሰዓት አሥር ሰዓት ነው። አዳራሹ ግማሹ ትከሻቸውን በስፖንጅ የሞሉ የፈረንጅ ልጆች ናቸው፤ እኛን መስለው መምጣታቸው ነው። ግማሹ ከፓራዳይዝ ሰፈርም ከሲልቬራዶ ራንች ሰፈርም የመጣ ሐበሻ ነው፤ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ አለ፣ ሺፍት የሚጠብቀው አለ። ሜሮን ጓደኞቿን ይዛ ፊት ቆማለች። አባቷ መኪና ፓርክ ሊያደርግ ሄደ ተብላለች።

ጀመርን። ከመጋረጃው ጀርባ ያ ምት መጣ፤ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ርኅራኄ የሌለው። ፈረንጆቹ ማሽኗን እያዩ ጮኹ። ሐበሻው በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ትከሻውን ፈታ። ዘውዱ ስልሳ ስምንት ዓመቱን ረስቶ ዘለለ። እኔ ግን ሜሮንን አየኋት፤ ለማሽኗ እያጨበጨበች ነው። አባቷ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሰው ሳይሆን ይመታል፣ እሷ ለዕቃ ታጨበጭባለች። በቃኝ አልኩ።

ኪቦርዱን ትቼ ሄድኩና የማሽኗን ገመድ ነቀልኩት። መብራቷ ጠፋ። ምቱ ግን ቀጠለ። ገመዱን አንስቼ ለሕዝቡ አሳየሁ። ሰው ግራ ገባው። ዘውዱ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘፈነ ነው። መጋረጃውን ልከፍት ሳብኩት፤ አልከፈት አለኝ። በኃይል ብስበው ከነብረቱ ወርዶ ታፈሰ ላይ ተከመረ። ሞተ ብዬ ክው አልኩ። ከጨርቁ ሥር ምቱ አልተቋረጠም! አንዲት ምት እንኳ አልሳተም!

ማይኩን ከዘውዱ እጅ መነጨቅኩ።

«ሰዎች! ማሽን የለም። ካሴቱም ላይ አልነበረም፤ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ሰክተን አቃጥለናት ነበር። የምትሰሙት ታፈሰ ነው። ያኔም እሱ ነው። ኮምፒዩተር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሜሮን፣ አባትሽ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

በእንግሊዝኛም ደገምኩት፤ እንዳመጣልኝ። አዳራሹ ተናወጠ። ሜሮን አላጨበጨበችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥታ ጨርቁን ካባቷ ራስ ላይ ትስብ ጀመር። «ተይው፣ ቆጠራ ታሳስቺኛለሽ!» ሲላት በማይኩ ተሰማ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷ እያለቀሰች ሳበችው፤ እሱ እየመታ ብቅ አለ።

ዘውዱን ታውቁታላችሁ። ሁለቱን እጁን ዘርግቶ ለሕዝቡ እጅ ነሣና «ያዘጋጀንላችሁ ሰርፕራይዝ ይህ ነበር!» አለ። ብራያን ከመድረኩ ሥር አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ስወርድ ክንዴን ያዘኝ። «ሰው በእጁ ነው እንዲህ የመታው?» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ቀጥሎ የለበሰው ቲሸርት ላይ ያለውን የማሽኗን ሥዕል አየና «ቲሸርቱስ?» አለኝ።

ሰኞ

አውሮፕላናችን ከሰዓት ነው። ጠዋት ብራያን ሁለት ካርቶን ይዞ መጣ። ካሴታችንን እንደገና አሳትሞታል፤ ሽፋኑ የድሮው ነው፣ የእጄ ጽሑፍ ሳይቀር። ያችም መስመር አለች። «ምን እናድርገው?» አለ። «በእጄ የጻፍኩትን በእጄ ነዋ» ብዬ እስክሪብቶ ጠየቅሁ።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ታፈሰ ሽፋኖቹን ሰብስቦ አስተካከለና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሥራው ነውና አንድ በአንድ ያድለኝ ጀመር፤ እያንዳንዱ ሽፋን በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ልክ እጄ ሥር ይቆማል። «ጻፍ» ይላል። ሰርዤ እጽፋለሁ። «ጻፍ። ጻፍ። ፈጠን በል፣ ገና ነህ።» ዘውዱ ጥግ ላይ ሆኖ የፊርማ ልምምድ ያደርጋል። ጣቴ ደነዘዘ። ላርፍ ብል «ያኔ እኔ አርፌ ነበር?» አለኝ። አላረፍኩም።

ሜሮን ወጥታ ከመኪናው ያረጀውን ካሴት አመጣች፤ ሰባት ዓመቷ ላይ ያነበበችውን። ፊቴ አስቀመጠችው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ኮምፒዩተር የሚለውን ሰረዝኩና ከጎኑ በምችለው ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። አንስታ እንደ ተማሪ እየቆጠረች አነበበች፦ «ድራም፦ ታ-ፈ-ሰ።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ አደረገችው። «ይቅርታ፣ ባባ» አለች።

«ለኮምፒዩተር ይቅርታ አይባልም» አለ ታፈሰ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። «ሻይ አፍይልን።»

ቀጣዩን ሽፋን ወረወረልኝ። ይህኛው ግን ከጠረጴዛው አልፎ መሬት ወደቀ።